ሰፊ የብረት መርገጫ እና የመሪ ማሳደጊያ፦ ለጎንደር መንገድ ያዋጣሉ?

ከፒያሳ አዘዞ የሚመላለስ ሞተረኛና ደንቢያ ውስጥ ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞር የግብርና ባለሙያ ሞተራቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሰውነታቸውን የሚያደክመው ነገር ግን ይለያያል። የመጀመሪያው ቁጭ ብሎ ስለሚነዳ ኮብልስቶን ላይ እጁና መቀመጫው ይደነዝዛል። ሁለተኛው ብዙውን ኮረኮንች ቆሞ ስለሚያልፈው ጠባቧ መርገጫ መሀል እግሩን ትቆርጠዋለች። መለዋወጫ ሱቅ ሲገቡ ለሁለቱም የሚወጣላቸው ዕቃ ያው ነው፦ ጥርስ ያለው ሰፊ የብረት መርገጫ እና ከመሪው ስር የሚገባ የአሉሚኒየም ማሳደጊያ። እዚህ የምንገመግመው እነዚህን ሁለት ዕቃዎችና ሲገጠሙ አብሮ መሠራት ያለበትን ሥራ ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ መርገጫው ገጠር ለሚወጣ ሰው ገንዘቡን ያወጣል፤ ማሳደጊያው ለብዙ ሰው አያስፈልግም። ፔዳሉንና የእጅ ማንሻውን (በእጅ የሚሳበውን የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣ) ሳያስተካክል መርገጫ ብቻ ገጥሞ የሚሸኝ ጋራዥ ግን ሥራውን ጀምሮ ትቶታል።

መርገጫውን እንይ። ከፋብሪካ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ሰፊው ከ50 እስከ 55 ይደርሳል። አንድ ጣት የማትሞላ ልዩነት ናት፤ ቆመው ሲነዱ ግን የሰውነት ክብደት ሁሉ የሚያርፈው በዚህች ብረት ላይ ስለሆነ አንድ ሰዓት ከነዱ በኋላ በደንብ ትታወቃለች። ሁለተኛው ጥቅሙ በክረምት ይታያል። ጎማ የለበሰ መርገጫ ጭቃና ውሃ ሲነካው ይንሸራተታል፤ ጥርሱ ግን የጫማን ሶል ይዞ ያስቀራል። የደንቢያ ጥቁር አፈር ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ከስሩ ክፍት የሆነውን፣ ጭቃው ሲረገጥ ወደ ታች የሚወድቅበትን ምረጡ። ከስር የተደፈነው በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ጥርሱ ተሞልቶ ከጎማው የባሰ አንሸራታች ይሆናል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ጥርሱ ሶል ይበላል። በኮንጎ ወይም በስስ ሸራ ጫማ ለሚነዳ ሰው ብረቱ እግሩን ይወጋዋል፤ የሞተሩንም ንዝረት ጎማው እንደሚያደርገው አያበርድለትም። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚሠራ ሞተረኛ ከፋብሪካ የመጣው ባለጎማ መርገጫ የተሻለ ነው፤ ጎማው አልቆ ከሆነ ጎማውን ብቻ መቀየር ይበቃል።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ሱቁ ውስጥ ሊያየው የሚገባ አንድ ዋና ነገር አለ፦ መርገጫውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ፒን የሚገባበት ቀዳዳ። አሮጌውን ፒን ይዛችሁ ሂዱና አዲሱ መርገጫ ውስጥ ክተቱት። ፒኑ መግባት ያለበት በእጅ ግፊት ነው፤ ሳይቆም እየተንገዋለለ የሚገባ ከሆነ ተዉት። ቀዳዳው ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ክፍተት መርገጫው ጫፍ ላይ ስትደርስ ብዙ ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ያን ጊዜ መርገጫው ወደ ውጭ ያዘቀዝቃል፣ ቁርጭምጭሚትም አብሮ ይጣመማል፤ ሰው የጉልበት ሕመም የሚለው ከዚህም ሊመጣ ይችላል። ከተገጠመ በኋላ ጫፉን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት፤ ከ3 ወይም ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ የሚጫወተውን አትቀበሉ። ፒኑ ራሱ ተበልቶ ከሆነ ቶርኖ ቤት አዲስ ማስወጣት ይቻላል። ሚስማር ወይም ተራ ቡሎን በፒን ፋንታ የሚከት መካኒክ ካለ ግን ዕቃችሁን ይዛችሁ ተነሱ፤ የቡሎን ጥርስ ቀዳዳውን እንደ ሞረድ እየሞረደ ያሰፋዋል።

መርገጫው ያለ ጨዋታም፣ ማለትም ፒኑ ላይ ሳይላላ፣ ሊያዘቀዝቅ ይችላል። ተረከዙ፣ ማለትም ከፒኑ ስር ሆኖ ከሞተሩ አካል ጋር የሚገናኘው ፊት፣ በሚገባ ካልተደገፈ ጫፉ ይወርዳል። መፍትሔው ያ ፊት ላይ ትንሽ ብየዳ ጨምሮ ደረጃው እስኪስተካከል በሞረድ እየበሉ መለካት ነው። ሳይበየድ የሞረዱት እንደሆነ ጫፉ ይበልጥ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሞረድ የሚነሳው ከብየዳው በኋላ ነው። ብየዳው ደግሞ መርገጫው ተፈትቶ ይሠራ፤ ሞተሩ ላይ እንዳለ የሚበየድ ከሆነ ቢያንስ የባትሪው ሽቦ ይነቀል።

ስፕሪንጉም ቀኝና ግራ አለው። መርገጫው መታጠፍ ያለበት ወደ ላይና ወደ ኋላ ነው፤ ድንጋይ ሲመታው ያመልጣል፣ ከዚያም በስፕሪንጉ ይመለሳል። ከተገጠመ በኋላ በእጅ አጥፋችሁ ልቀቁት፤ ጠብ ብሎ ካልተመለሰ ወይ ስፕሪንጉ ተገላብጧል፣ ወይ መገጣጠሚያው ደርቋል። በክረምት ጥቁር አፈር እዚያ ገብቶ ይደርቃል፤ በየሁለት ሳምንቱ አጥቦ ጥቂት ግራሶ መቀባት ይበቃል።

አሁን ወደ ቸል ወደሚባለው ሥራ እንምጣ። መርገጫው 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ካለ የእግር ፍሬኑና የማርሽ መቀየሪያው ከነበሩበት ሊንቀሳቀሱ ይገባል። አንዳንድ ሰፊ መርገጫ 20 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው። ለረጅም ሰው ጉልበት ያ ትልቅ እፎይታ ነው። ፔዳሉ እዚያው ከቀረ ግን እግሩ ሳያውቀው ፍሬኑን እየነካ ይነዳል። የኋላው የከበሮ ፍሬን እየታሸ ይግላል፣ ሸራው ያልቃል፤ ከደባርቅ ሊማሊሞን በሚወርድ ሰው ላይ የጋለ ፍሬን መያዙን ሲያቆም የሚመጣውን ማንም ይገምታል።

የእግር ፍሬኑ በዚህ ቅደም ተከተል ይስተካከላል። መጀመሪያ ከፍታው፦ ፔዳሉን ከስር የሚያቆመውን ቡሎን ማጥበቂያ ዳዶ አላልታችሁ ቡሎኑን አዙሩ። ሞተሩ ላይ ተቀምጣችሁ እግር መርገጫው ላይ ሲያርፍ በሶሉና በፔዳሉ መካከል አንድ ጣት ያህል ክፍተት ይኑር፤ ሲፈለግ ቁርጭምጭሚት ብቻ ወርዶ ይድረስበት። ሁለተኛ ጨዋታው፣ ማለትም ፍሬኑ መያዝ ከመጀመሩ በፊት ፔዳሉ የሚወርድበት ርቀት፦ ከኋላ ጎማ በኩል ያለውን የፍሬን ዘንግ ዳዶ አዙራችሁ ፔዳሉ ጫፍ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር አድርጉት። የዳዶው ጎድጓዳ ፊት ዘንጉ በሚያልፍበት ክብ ፒን ላይ በትክክል መቀመጡን አይታችሁ እመኑ፤ ጠርዙ ላይ ቆሞ ከቀረ ጥቂት እንደነዳችሁ ቦታው ይገባና ጨዋታው ይለወጣል። የኋላ ጎማውን አንስታችሁ በእጅ አሽከርክሩት፣ ሳይታሽ መዞር አለበት። የፍሬን መብራቱ መጨረሻ ይመጣል፦ ፍሬኑ መያዝ ከመጀመሩ በፊት እንዲበራ ማብሪያውን አስተካክሉ። ከፍታውን ነክቶ ጨዋታውን የተወ መካኒክ ፍሬናችሁን ወይ አጣብቆታል ወይ አላልቶታል፤ ከጋራዥ ሳትወጡ ፈትሹት።

የማርሽ መቀየሪያው ቀላል ነው፤ ግን ብዙ የሚበላሸው እሱ ነው። በ10 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታው ቡሎን መላላት ብቻ አይበቃውም፣ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ቡሎኑ በዘንጉ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ ስለሚያልፍ ሳይወጣ መቀየሪያው አይነቀልም። እንቢ ሲል በመዶሻ የሚመታ አለ፤ የሚጎዳው ዘንጉና ከኋላው ያለው ዘይት ማገጃ ላስቲክ ነው፣ ከዚያ በኋላ ዘይት መንጠባጠብ ይጀምራል። ቡሎኑ ከወጣ በኋላ የመቀየሪያውን ስንጥቅ በካቻቪቴ ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ሳቡት፣ በዘንጉ ላይ አንድ ጥርስ አዙራችሁ መልሱት፣ ሞክሩት። ቦት ለሚያደርግና ቆሞ ለሚነዳ አንድ ጥርስ ከፍ ማለቱ ይሻላል። ከልክ በላይ ከፍ ካለ ማርሹ ሙሉ በሙሉ ሳይገባ መሀል ላይ ይቀራል፤ ከልክ በላይ ዝቅ ካለ ደግሞ ሲረገጥ የሞተሩን አካል ይነካል።

የመሪ ማሳደጊያውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚገዛው ትክክል ያልተቀመጠን መሪ ለማዳን ነው። መጀመሪያ መሪውን የያዙትን አራት ቡሎኖች አላልታችሁ ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አዙሩት፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም። ሲጠብቅ፣ መያዣው ላይ ነጥብ ካለ ነጥቡ ወደ ፊት ይሁን፣ የፊቶቹ ቡሎኖች ቀድመው ይጥበቁ፣ የኋላዎቹ ይከተሉ። ለ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን 22 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ በአጭር ቁልፍ በአንድ እጅ ጠንከር አድርጎ ማጥበቅ ማለት ነው። ቱቦ ቀጥሎ የሚያጠብቅ ሰው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይገሽልጠዋል።

ቆሞ ሲነዳ ጀርባው የሚጎብጥ ረጅም ሰው ማሳደጊያውን ይግዛ፤ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያለው ይበቃዋል። አብሮት የሚመጣው ቡሎን ርዝመቱ ይታይ፤ ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ጥርስ ውስጥ መግባት አለበት። ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን ዜሮ ማርሽ ላይ አስነስታችሁ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አዙሩ። ድምፁ ከጨመረ የጋዝ ሽቦው ተወጥሯል። በዚህ ሁኔታ አትንዱ፤ ስትታጠፉ ሞተሩ ራሱ ጋዝ ይሰጣል። የፍሪሲዮን ሽቦውንና የፊት ፍሬን ቱቦውንም በዚያው እዩ።

የእጅ ማንሻዎቹ የመጨረሻ ናቸው። ሞተሩ ላይ ተቀምጣችሁ እጃችሁን ዘርጉ፤ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ አንድ መስመር ላይ ሲሆን ማንሻው ጣት ስር ይገኝ። የእጅ አንጓ ወደ ላይ ከታጠፈ ማንሻው ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ የእጅ መደንዘዝ አንዱ ምክንያትም እሱ ነው። ቆሞ ለሚነዳ ጥቂት ዝቅ ይበል። የፍሪሲዮኑ ጨዋታ ማንሻው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጨዋታ ካጣ ወደ ጎሃ ሆቴል እንደሚወስደው ባለ ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል፤ ከበዛ ማርሽ ለማስገባት ያስቸግራል። የጋዙ መያዣም ሽቦውን መሳብ ከመጀመሩ በፊት ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይጫወት።

እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያለ ባለሁለት ጎማ ሞተር የሚነዱ ሰዎች ይህን ሰፊ መርገጫ አይግዙ። የእነሱ መርገጫ ከሞተሩ ሆድ ስር በቡሎን የታሰረ አንድ ብረት ነው፤ በፒን የሚገባው ዓይነት አይገጥመውም፣ በብየዳ የሚቀጠለው ደግሞ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። የእነሱ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ወድቆ ብረቱ መጣመሙ ነው። ሞተሩን በመሀል ማቆሚያው ደልዳላ ቦታ ላይ አቁማችሁ የግራውንም የቀኙንም መርገጫ ጫፍ ከመሬት ለኩ። ከተለያዩ ብረቱ ተፈቶ በሞርሳ ይቃና፤ ብየዳው ላይ የፀጉር ስንጥቅ ከታየ ይቀየር።

ጋራዥ ስትሄዱ የምትነዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ። መካኒኩንም ገና ሲጀምር «ወንድሜ፣ የመጨረሻውን ከማጥበቅህ በፊት ልቀመጥበት፣ ልቁምበትም» በሉት።