ፒዲኤፍ ወደ አውቶካድ እንቀይራለን ለሚሉ ሰዎች ብር ከመላካችሁ በፊት

እኔ አንዴ ተበልቻለሁ፤ እናንተ እንዳትበሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

የቤታችን ፕላን፣ ጂ+1 ነው፣ ከተሠራ ቆይቷል። የሠራው አርክቴክት አገር ለቆ ወጥቷል፤ ሶፍት ኮፒውም አብሮት ሄዷል። እጃችን ላይ የቀረው ማህተም ያረፈበት ወረቀት ስካን ተደርጎ የተቀመጠ 14 ገጽ ፒዲኤፍ ነው። ፎቁን ልናሻሽል ስንነሳ ፕላኑ በአውቶካድ (ፕላን በኮምፒውተር የሚሳልበት ሶፍትዌር ነው) ያስፈልጋል ተባልን። ቴሌግራም ላይ ስፈልግ "ማንኛውንም ፒዲኤፍ በ24 ሰዓት፣ መቶ በመቶ ኤዲት የሚደረግ" የሚል አገኘሁ። ገጹ 250 ብር፣ ባጠቃላይ 3,500፤ ግማሹ ቀብድ። ላክሁለት።

በማግስቱ ፋይሉ መጣ። ከፈትኩት፣ ቁልጭ ያለ የኛው ፕላን። ደስ ብሎኝ ቀሪውንም ከፈልኩ (ሞኝነቴ እዚህ ጋ ነው)። ማታ ድራፍቲንግ (ፕላን መሳል) የሚሠራ የጎረቤት ልጅ መጥቶ አንዷን ግድግዳ ክሊክ ሲያደርጋት ገጹ በሙሉ ተመረጠ። ግድግዳ የለ፣ በር የለ፤ ፎቶ ነው። ሰውየው ስካኑን እንዳለ አውቶካድ ውስጥ ለጥፎ ሴቭ አድርጎልኛል፣ በቃ።

ተጨቃጭቀን ሁለተኛ ፋይል ላከ። ይሄኛው እንኳን ላይን አለው። ግን ሶፍትዌር ያገኘውን ጥቁር ነገር ሁሉ ወደ ላይን የለወጠበት ነው። "ቤድሩም" የሚለው ጽሑፍ የተበጣጠሰ ጭረት እንጂ ጽሑፍ አይደለም፣ ልታርመው አትችልም። ወረቀቱ ላይ ጠብ ብላ የነበረች ቡና ሳትቀር በክብር ተስላለች። ግድግዳው፣ ዕቃው፣ ማህተሙ፣ ሁሉም አንድ ሌየር (ነገሮች በየዓይነታቸው ተለይተው የሚቀመጡበት ንብርብር) ላይ። 20 ሳንቲሜትር ግድግዳ ሲለካ 2 ሚሊሜትር ነው የሚለው፤ ስኬሉን ያስተካከለው የለም። ልጁ አስተካክሎ ሲለካው ደግሞ 4 ሜትር የተባለው ክፍል 3.93 ወጣ፤ ወረቀቱ ኮፒ ሲደረግና ስካን ሲደረግ ትንሽ ተዛብቷል ማለት ነው። በዚህ ላይ ቤት ልሥራ ብትሉ አስቡት።

ያኔ ባውቀው ኖሮ የምለው፣ ፒዲኤፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ከአውቶካድ በቀጥታ የወጣ ከሆነ ላይኖቹ ውስጡ አሉ። አውቶካድ ከ2017 ቨርዥን ጀምሮ እንዲህ ዓይነቱን ራሱ ያስገባል፣ "ፒዲኤፍ ኢምፖርት" የሚል ትእዛዝ አለው። ያም ቢሆን ዳይሜንሽኑ (የልኬት ቁጥሩና መስመሩ) ተበታትኖ ሊመጣ ይችላል፣ ስኬሉንም ማየት ግድ ነው፤ ግን ለገጽ 250 ብር የሚያስከፍል ሥራ አይደለም። ስካን ከሆነ ግን ፎቶ ነው፣ የሚቀየር ነገር የለውም፤ ሰው ቁጭ ብሎ እንደገና መሳል አለበት። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ፒዲኤፉን ከፍታችሁ ዙም አድርጉት፣ በጣም አድርጉት። መስመሩ ቀጭንና ጥርት ያለ ሆኖ ከቀጠለ ላይን ነው። ነጠብጣብ ነጠብጣብ ከሆነ ፎቶ ነው፣ እሱን መቶ በመቶ በ24 ሰዓት የሚላችሁ ሰው እየዋሸ ነው።

ገንዘብ ሳትሰጡ አንድ ገጽ ብቻ ሠርቶ ያሳያችሁ፣ የቤቱ ደረጃ (መወጣጫው) የተሳለበትን ገጽ ምረጡ። ስክሪንሹት አትቀበሉ፣ ፋይሉን ራሱን ተቀበሉ። ግድግዳ ክሊክ አድርጉ፣ ጽሑፉን ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ ለማረም ሞክሩ፣ ልኬቱን የምታውቁትን አንድ ክፍል ለኩ። አውቶካድ የማታውቁ ከሆነ የሚያውቅ ሰው አስቀምጡ። እምቢ ካለ ሰላም ብላችሁ ተለዩት።

በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ ሜትር ይዞ ቤታችንን ክፍል በክፍል ለክቶ በአምስት ቀን እንደገና ሳለው። 9,000 ብር ከፈልኩት፣ አልቆጨኝም። የኩሽናው ግድግዳ ሲገነባ ከፕላኑ 15 ሳንቲሜትር ገባ ብሎ እንደነበርም ያኔ ነው ያወቅነው።

ያኛው ሰውዬ ብሎክ አድርጎኛል። በእህቴ ስልክ ገብቼ ቻናሉን ሳይ ምን ባይ ጥሩ ነው፣ የኛን ፕላን "የሥራችን ናሙና" ብሎ ለጥፎታል፤ የቤት ቁጥራችንን እንኳን አልሰረዘውም።