የተራሮችን መሸርሸር ከሰማይ መገመት፦ የወንዝ ቁልቁለት ወይስ የከፍታ ልዩነት?

በቴክቶኒክ ግፊት (የምድር ቅርፊት ክፍሎች ሲገፋፉ በሚፈጠረው ኃይል) ገና ከፍ እያሉ ያሉ ተራሮች በምን ፍጥነት እንደሚሸረሸሩ ከርቀት ለመገመት ሁለት ዘዴዎች በብዛት ይሠራባቸዋል፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው አንድ የከፍታ ካርታ ይበቃዋል፤ ለምሳሌ ኤንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2000 ለ11 ቀናት በራዳር የሰበሰበችው መረጃ። ከካርታው የወንዙ ቁልቁለት ከተፋሰሱ ስፋት ጋር ተገናዝቦ ይሰላል። ዳገቱን ትቶ ወንዙን ማየት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ተዳፋቱ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ከደረሰ በኋላ ይበልጥ ከመቆም ይልቅ ስለሚናድ፣ መሸርሸሩ በእጥፍ ቢጨምር እንኳ ዝንባሌው እምብዛም አይለወጥም፤ ወንዙ ግን ቁልቁለቱን መጨመሩን ይቀጥላል። ውጤቱ የረጅም ዘመን አማካይን የሚያመለክት አንጻራዊ መለኪያ ነው። በዓመት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ለመናገር በወንዙ አሸዋ ውስጥ ያለውን ቤሪሊየም 10 (ዓለት ለጠፈር ጨረር ሲጋለጥ የሚፈጠር፣ መሸርሸሩ ሲፈጥን መጠኑ የሚያንስ የአቶም ዓይነት) በቤተ ሙከራ መለካት ያስፈልጋል፤ የዓለት ጥንካሬና የዝናብ ልዩነትም ስሌቱን ያዛባሉ።

ሁለተኛው በተለያየ ጊዜ የተሠሩ ሁለት የከፍታ ካርታዎችን ወስዶ የአንዱን ከፍታ ከሌላው ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና በዌንቹዋን ርዕደ መሬት እንደወረደው ያለ ናዳ ስንት ኪዩቢክ ሜትር እንደሆነ በቀጥታ ያሳያል። ሆኖም 45 ዲግሪ በሆነ ተዳፋት ላይ ካርታዎቹ ወደ ቁልቁለቱ አቅጣጫ በአግድም 1 ሜትር ቢዛነፉ፣ ቅንጣት አፈር ሳይነሳ እንደ መዛነፉ አቅጣጫ የ1 ሜትር ሐሰተኛ መሸርሸር ወይም ክምችት ይታያል።

ለሰፊ ሰንሰለት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ናዳ ለበዛበት አንድ ሸለቆ ግን፣ ካርታዎቹ በጥንቃቄ ከተገጣጠሙ፣ ሁለተኛውን የሚተካ የለም።