«ኘ»ን ከ«ፕ» የሚለይ ስክሪን፦ ሁለት ላፕቶፖችና አንድ ሞኒተር ከአሥራ አራት ወር በኋላ

ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው፤ ብሮሹር፣ ዓመታዊ ሪፖርት፣ አልፎ አልፎም መጽሐፍ። ስለዚህ ላፕቶፕ ስመርጥ ጌም ይከፍታል ወይ ብዬ አልጠይቅም። የምጠይቀው፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ዓይኔ ደክሞ ሳለ «ኘ» እና «ፕ»ን ለይቶ ያሳየኛል ወይ ብዬ ነው።

ቀልድ አይደለም። አንድ ብሮሹር ሽፋኑ ላይ «ፕሮጀክት» መሆን ሲገባው «ኘሮጀክት» ተብሎ ታተመ። ይህን ስሕተት በየሱቁ ታፔላ ላይ ታገኙታላችሁ፤ እኔ ግን ገንዘብ የሚከፈለኝ እንዲህ ያለውን እንድይዝ ነበር። ሦስት ጊዜ አንብቤ አለፍኩት። ያነበብኩበት ያገለገለ ሞኒተር 27 ኢንች ሆኖ ፒክስሉ (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) 1920 በ1080 ነበር። ያ ሁሉ ስፋት ላይ ሲበተን ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 82 ገደማ ነው። ለላቲን ፊደል ይበቃ ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱን የሚሸከመው በጭረትና በቀለበት ነው፤ በትንሽ መጠን ሲጻፍ ሉን ከሊ፣ ኩን ከኲ የሚለየው አንድ ሁለት ፒክስል ብቻ ይሆናል። ሁለት ነጥብ ደጋግሞ በመምታት የተሠራውን «፡፡» ከትክክለኛው አራት ነጥብ መለየትማ የማይታሰብ ነበር።

በ24 ኢንች ቀየርኩት። የፒክስሉ ብዛት ያው ነው፤ ስለተጠጋጋ ግን በኢንች 92 ሆነ። አሥር ፒክስል ምን ይለውጣል ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ስክሪኑ አንገቴን መስገግ ማቆሜን ልብ አልኩ። በእርግጥ 27 ኢንች ሆኖ 2560 በ1440 የሆነው 109 ስለሚደርስ ይበልጣል፤ ኪሴ ግን አልፈቀደም። ዋጋ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ነገ ያረጃል።

ላፕቶፖቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480፣ ሌላው ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ በመንገደኛ የላከችልኝ ኤም1 ማክቡክ ኤር። በዕድሜ ብዙም አይራራቁም፤ ቲ480 በ2018፣ ማክቡኩ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። በባሕርይ ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

ቲ480ን የወደድኩት በባትሪው ነው። አንዱ ባትሪ ውስጡ ተገጥሟል፣ ሌላው ከኋላ ይነቀላል። መብራት ጠፍቶ የኋላው ሲያልቅ፣ ላፕቶፑን ሳላጠፋ ነቅዬ ሌላ እሰካለሁ። ከእሱ በኋላ የመጣው ቲ490 ይህን ትቶታል፤ ለምን እንደተተወ ቢገባኝም ይቆጨኛል። ራሙም (የሥራ ማኅደረ ትውስታው) የሚጨመር ነው፤ ከ8 ጊጋባይት ወደ 16 ያሳደግኩት በካቻቪቴ ብቻ ነው። ልትገዙ ከሆነ ግን ሦስት ነገር እዩ። በ1366 በ768 ስክሪን የሚሸጥም ስላለ ጠይቁ። ፕሮሰሰሩ 8ኛ ትውልድ ይሁን፤ ከዚያ በታች ያለውን ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ሦስተኛው ባትሪው ነው። ዊንዶውስ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና የዛሬውን ጎን ለጎን የሚያሳይ ሪፖርት ያወጣል። እኔ ሱቁ ውስጥ ሳላየው ገዛሁ፤ «እንደ አዲስ ነው» የተባልኩት 48 ዋት ሰዓት ባትሪ ቤት ገብቼ ሳየው 19 ብቻ ቀርቶታል። ሻጩ ስመለስ ሻይ ጋበዘኝ፤ ባትሪ ግን አልቀየረልኝም።

ማክቡኩ ማራገቢያ ስለሌለው ድምፅ የለውም፤ ቤተሰብ ተኝቶ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ13.3 ኢንች ላይ 2560 በ1600 ፒክስል ስላለው በኢንች 227 ይደርሳል። የዚያ የታተመውን ብሮሹር ፋይል የከፈትኩበት ቀን «ኘ»ዋ ቁጭ ብላ ታየችኝ፤ ተናደድኩ። አሁን የመጨረሻው ንባብ ሁልጊዜ በእሱ ነው። ራሙ ግን እንደተገዛ ይኖራል፤ የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳውም ሁለት ብቻ ነው። ከ24 ኢንቹ ጋር ሳገናኘው ደግሞ ፊደሉ ከቲ480 ይልቅ ለስለስ ብሎ ይታያል፤ ማክ ኦኤስ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፊደል አሣሣሉን ፒክስላቸው ለተጠጋጋ ስክሪኖች አመቻችቷልና። ስለዚህ ሞኒተሩ የቲ480 ሆኖ ቀረ።

ሁለቱም በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ስለሚያደርጉ አንድ ቻርጀር ይበቃኛል። ስልኬ ሳምሰንግ ኤ54 ነው፤ ዋይፋዩ ከመብራቱ ጋር ሲሄድ ኢንተርኔት ያካፍለኛል፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ቀድሜ ያላሰብኩት ሞኒተር ባትሪ እንደሌለው ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ይሠራል፣ ሞኒተሩ ጨለማ ይሆናል፤ እኔም ከገጹ መሐል ተነስቼ ወደ ቲ480 14 ኢንች ስክሪን እሸጋገራለሁ። የሚበላው 20 ዋት ገደማ ስለሆነ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ገዛሁለት፤ የጀመርኩትን ምዕራፍ ለመጨረስ ይበቃል።

ባለ 27 ኢንቹን ለወንድሜ ልጅ ሰጠሁት። ኳስ ያይበታል፤ እስካሁን አላማረረም።