ባለሁለት ስክሪኑን ያዳነልን የደብረ ብርሃኑ ጥገና ቤት

አጎቱ ለልጄ የላከለት ታጣፊ ኒንቴንዶ 3ዲኤስ የሚባል በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ የላይኛው ስክሪኑ ድንገት ጠቆረ። ከደብረ ሲና ጣርማ በርን አቋርጬ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ያለ ሞባይል ጥገና ቤት ወሰድኩት። ወጣቱ ባለሙያ ዓይኔ እያየ ፈታው፤ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ፍሌክስ የሚባለው ቀጭን ጠፍጣፋ ገመድ ተበጥሷል። «እትዬ፣ ቀስ አድርጎ ይክፈተው» አለኝ። 900 ብር፣ ሦስት ቀን፣ ስክሪኑ እንደ አዲስ። ደረሰኝ አለመስጠቱን ግን አልወደድኩትም።

ይኸው ስክሪን ያለ መነጽር የምስል ጥልቀት (3ዲ) ስለሚያሳይ አምራቹን ኒንቴንዶን ፍርድ ቤት አድርሷል። ጃፓናዊው የፈጠራ ባለሙያ ሴይጂሮ ቶሚታ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት) መብቴ ተነካ ብለው በ2011 እ.ኤ.አ. ኒንቴንዶን ከሰሱ፤ በ2013 የኒው ዮርክ ጁሪ (ፍርድ የሚሰጡ ተራ ዜጎች) 30.2 ሚሊዮን ዶላር ወሰነላቸው፤ በኋላ ግን ፍርድ ቤቱ ጥሰት የለም አለ። ያን ያህል ዓመት መሟገታቸው ልቤን ነካው። ልጄ ግን ጥልቀቱን አጥፍቶ ነው የሚጫወተው፤ ዓይኑን ያደክመዋል።