ፒርጊ፦ የማስቲካ መንደር

ባለፈው ነሐሴ ከአቴንስ ወጣ ብዬ ኪዮስ ደሴት ሦስት ቀን ሰንብቼ መጣሁ። ማታ ከፒሬየስ ወደብ መርከብ ተሳፍሬ ጠዋት ደረስኩ። ከተማው ውስጥ ብዙ አትቆዩ። በስተደቡብ ወዳለችው ፒርጊ ሂዱ፣ እዚያም እደሩ።

ቤቶቹ የጥበብ ቀሚስ የለበሱ ነው የሚመስሉት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ጥለት በጥለት ነው። ግን ሥዕል እንዳይመስላችሁ፤ ግራጫው ልስን ላይ ነጭ ኖራ ይቀቡና ኖራውን በሹካ እየፋቁ ነው የሚያወጡት። በረንዳው ላይ ደግሞ በክር የተሰካ ቲማቲም ተንዠርግጎ ይደርቃል።

እኛ ማስቲካ የምንለው ቃል መነሻው የዚህ አካባቢ ዛፍ ሙጫ ነው። አሠራሩ የእጣን ዓይነት ነው፤ ከዛፉ ሥር መሬቱን ይጠርጋሉ፣ ነጭ ዱቄት ይነሰንሳሉ፣ ከዚያ ቅርፊቱን ጫር ጫር ሲያደርጉት ሙጫው ጠብ ጠብ ይላል። እነሱ «ዳክሪያ» ይሉታል፣ እንባ ማለት ነው። አንዷን ፍሬ አፌ ውስጥ ስከታት መጀመሪያ ተፈረካከሰች፣ መረር አለችኝ፣ ቆይታ ግን ለሰለሰችና ጥድ ጥድ ሸተተች።

መንደሯም የቆመችው በዚሁ ሙጫ ነው። ከ1346 እስከ 1566 ደሴቷን የገዙት የጣሊያኗ የወደብ ከተማ የጀኖዋ ሰዎች ንግዱን በእጃቸው አስገብተው ነበር። የባሕር ወንበዴ ስለሚያስቸግር ቤቶቹ ተያይዘው፣ መሐል ላይ ግንብ ቆሞ፣ መንገዱ ሁለት ሰው በግድ የሚያሳልፍ ሆኖ ተሠራ። በ1822 የኦቶማን ጦር ኪዮስ ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ ሲፈጅ የማስቲካ መንደሮቹን አብዛኞቹን ያዳናቸው ሙጫው ነው፤ ለሱልጣኑ ቤት ይፈለግ ነበርና። ይህን ካወቅኩ በኋላ ዛፎቹን ያየሁበት ዓይን ሌላ ሆነ።

ከመንደሯ አጠገብ በ2016 የተከፈተ የማስቲካ ሙዚየም አለ፣ እንዳያመልጣችሁ። ካፌ ስትቀመጡ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ማንኪያ ላይ የተጠቀለለ የማስቲካ ጣፋጭ እዘዙ፤ እየላሱ ውሃውን መጠጣት ነው፣ ለዚያ ሙቀት መድኃኒት ነው።

ያማረረኝ መኪናው ነው። የተከራየሁት ማቀዝቀዣው አይሠራም፣ ብነግራቸውም ሊቀይሩልኝ አልፈለጉም። ሳትፈትሹ ቁልፍ አትቀበሉ። አውቶቡሱ እንደልብ ስለማይገኝ መኪና ግን ያስፈልጋችኋል።

ትንሽ ከረጢት ሙጫ ይዤ ተመለስኩ። እሁድ ቡና ሳፈላ ከእጣኑ ጋር አንዷን ፍሬ ፍሙ ላይ ጣል አደረግኳት። ጎረቤቴ በሩን አንኳክታ «ዛሬ ምንድነው የምታጨሱት?» አለችኝ።