ጨርቃጨርቅ፣ ኢንዱስትሪያል ወይስ መስኖ? በድሬዳዋና በሐረማያ ብዙም የማይመረጡ የምህንድስና ትምህርቶች

ምህንድስና ሲባል ቤተሰብ የሚያውቀው ሲቪል፣ ኤሌክትሪካልና ሜካኒካል ነው። አሁን አሁን ሶፍትዌርም ተጨምሯል። ዲፓርትመንት ምርጫ ሲደርስ ሁሉም ወደነዚሁ ይጋፋል። ግሬዱ ያላደረሰው ደግሞ ምን እንደሚማር እንኳ ሳያውቅ ሌላ ክፍል ይደርሰዋል። ይሄ ያሳዝነኛል። ከቀሩት ክፍሎች ውስጥ ግሬዱ ያለው ተማሪም አንደኛ ምርጫ አድርጎ ሊሞላቸው የሚገቡ አሉ።

ድሬዳዋ ወይም ሐረር አካባቢ ለምትማሩ ሦስቱን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። ጨርቃጨርቅና ኢንዱስትሪያል ምህንድስና ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ነው። የውሃ ሀብትና መስኖ ምህንድስና ሐረማያ ነው። በጊዜ በኩል ልዩነት የለም፤ ከፍሬሽ ጋር አምስት ዓመት ነው፣ መሀል ላይ ኢንተርንሺፕ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ሳያልፉ ዲግሪ የለም።

ከጨርቃጨርቅ ልጀምር፤ በጣም የሚታማው እሱ ነው። «አቦ፣ አምስት ዓመት ተምረህ ልብስ ሰፊ ልትሆን ነው?» ይባላል። ስፌት ግን የመጨረሻዋ ደረጃ ናት። ከሷ በፊት ፈትል አለ፣ ሽመናና ሹራብ አለ፣ ማቅለምና ማጠናቀቅ አለ። ማቅለሙ ከባድ ኬሚስትሪ ነው። ኬሚስትሪ የሚያስጠላው ሰው እዚህ ባይገባ ይሻለዋል። ክሩ ራሱ በቁጥር ይለካል፤ ለጥጥ በተለመደው አቆጣጠር ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል። 20 ቁጥር ክር ከ40 ቁጥር ይወፍራል። ለሸሚዝ የሚሆን ስስ ጨርቅ የታዘዘበት ፋብሪካ 20 ቁጥር ክር ቢያስገባ ትዕዛዙ ተበላሸ ማለት ነው። የጨርቃጨርቅ መሐንዲስ ውሎ እንዲህ ያለውን መከታተል ነው።

ሥራውስ? ድሬዳዋ በጨርቃጨርቅ አዲስ ከተማ አይደለችም። ትልቁ ፋብሪካ የተቋቋመው በጣሊያን ዘመን ነው፤ ስንት ቤተሰብ አሳድጓል። ያ ዘመን ግን አልፏል። ዘርፉ አሁን የውጭ ገበያ ሲያስነጥሰው ጉንፋን ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስታስወጣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የነበሩ ኩባንያዎች ጥለው እስከመውጣት ደርሰዋል። ስለዚህ ጨርቃጨርቅን የምመክረው ሻንጣውን ይዞ ሐዋሳም ኮምቦልቻም ባሕር ዳርም ለመሄድ ለተዘጋጀ ነው። ከቤተሰቤ አልርቅም ለሚል ሰው አይሆንም።

ኢንዱስትሪያል ምህንድስና ሌላ ጠባይ አለው። ብዙ ሰው የሜካኒካል ታናሽ ወንድም ይመስለዋል። ሜካኒካሉ ማሽኑን ሲያይ፣ ኢንዱስትሪያሉ የሚያየው ማሽኑ ለምን ቆመ፣ ሠራተኛው ለምን ጠበቀ፣ ዕቃው ለምን መጋዘን ውስጥ ተከመረ የሚለውን ነው። ተማሪዎች ሰዓት ይዘው አንድ ሥራ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ይለካሉ፤ የፋብሪካ አቀማመጥ ይነድፋሉ፤ የጥራት ቁጥጥርና የክምችት ሂሳብ ይማራሉ። ስታትስቲክስ ይበዛበታል።

ትልቁ ጥቅሙ በአንድ ዘርፍ አለመታሰሩ ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ቢራ ፋብሪካ፣ ልብስ ስፌት፣ ሎጂስቲክስ፣ ሁሉም ጋ ያስገባል። ለድሬዳዋ ልጅ ደግሞ የጅቡቲው ባቡር አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠናም አለ። ዕቃ በሚገባበትና በሚወጣበት ቦታ ሁሉ ይህ ሙያ ይፈለጋል። ችግሩ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት «ሜካኒካል ወይም ተመሳሳይ» ብሎ ይጽፋል። የሰው ሀብት ክፍሉ ስሙን ካላወቀው ማመልከቻው ወደ ጎን ይቀመጣል። ተመራቂው የወሰዳቸውን ኮርሶች ዝርዝር ይዞ ማስረዳት አለበት።

አሁን ወደ መስኖ። እዚህ ላይ አድልዎ አለብኝ፤ አልደብቅም። ሐረማያ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ የግብርና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ነው፤ ስለ አፈርና ውሃ የቆየ ልምድ አለው። ከዚያ በላይ ግን ትምህርቱና አካባቢው ይገናኛሉ። የሐረማያ ሐይቅ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ደርቆ ነበር። ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ተቀዳ፣ ለከተማ ተቀዳ፣ ከተራራው የታጠበ አፈር ሞላው። ሐረር ከዚያ በኋላ ከድሬዳዋ ቆላ ውሃ ሽቅብ መግፋት ግድ ሆነባት። ውሃው በቅርብ ዓመታት ወደ ሐይቁ ቢመለስም ጥያቄው አልተፈታም፤ ገበሬው ስንት ሊትር ይቅዳ?

የመስኖ ተማሪ ለዚህ መልስ የሚፈልገው ከአፈር ነው። ከማሳው አፈር ያወጣል፣ ይመዝናል፣ በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ያደርቃል፣ እንደገና ይመዝናል። የጎደለው ክብደት አፈሩ ይዞት የነበረው ውሃ ነው። ከዚያ ተነስቶ ማሳው መቼና ምን ያህል መጠጣት እንዳለበት ያሰላል። ፓምፕ መምረጥ፣ ቦይ መንደፍ፣ ጠብታ መስኖ መዘርጋት ይከተላል። ሂሳቡ ከሲቪል አያንስም፤ ፈሳሽ ሜካኒክስ የሚፈራ ሰው ይቸገራል። ሥራው በውሃ ቢሮዎች፣ በመስኖ ፕሮጀክቶች፣ በዲዛይን ድርጅቶችና ለገበሬ በሚሠሩ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ውስጥ ነው። ብዙው ገጠር ነው፤ ፀሐይና አቧራ አለው። ቢሮ ቁጭ ማለት ለሚወድ አልመክርም።

በኑሮ በኩል ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ይበርዳል፤ ወፍራም ብርድ ልብስ ይያዝ። ድሬዳዋ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ግን ከተማው ውስጥ ናችሁ፤ ፋብሪካ ለመጠየቅ ባጃጅ ይበቃል።

የምግብ ምህንድስና የሚስበው ካለ ሐረማያን ይጠይቅ። የወተት፣ የዱቄትና የቢራ ሥራ እዚሁ ምስራቅ ስላለ መጥፎ ምርጫ አይደለም።

የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። እዚሁ ምስራቅ መኖር ለሚፈልግና ሜዳ ለማይጠላ፣ መስኖ። ወደፊት የት እንደሚኖር ላልወሰነ፣ ኢንዱስትሪያል። ጨርቃጨርቅ ሦስተኛ ነው፤ ማቅለሚያና ኬሚስትሪ ለሚወድ ልጅ ግን አንደኛ ሊሆን ይችላል። ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ከክፍሉ አራተኛና አምስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ወርክሾፑና ላብራቶሪው ውስጥ የሚሠራው ማሽን የትኛው ነው? ያለፈው ዓመት ልጆች ኢንተርንሺፕ የወጡት የት ነው? ካምፓስ ለጉብኝት ስትሄዱም ላብራቶሪውን ከፍተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።