ዞቴሮ ለሥነ ቃል ክፍል፦ የጋራ ዕልባትና የመለያ ቃላት ጉዳይ

የሥነ ቃል ተማሪዎቼ በየፊናቸው የሚያገኟቸውን ጽሑፎች በአንድ ቦታ እንዲያሰባስቡ ስል ባለፉት ሁለት ሴሚስተሮች ዞቴሮ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ተጠቅሜያለሁ። በአሜሪካው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ይህ ሶፍትዌር በይበልጥ የሚታወቀው የዋቢ ጽሑፎችን ዝርዝር በማዘጋጀት ነው። እኔ የፈለግሁት ግን የቡድን ቤተ መጻሕፍቱን ነበር፤ አንድ ተማሪ በብራውዘሩ የከፈተውን ገጽ ዕልባት (ቡክማርክ) አድርጎ መለያ ቃል (ታግ) ሲሰጠው የቡድኑ አባላት ሁሉ ያገኙታል።

ለምርጫዬ ምክንያት የሆነኝ የቀደምቶቹ የዕልባት አገልግሎቶች ዕጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመውና የመለያ ቃልን አሠራር ያስለመደው ዴሊሸስ፣ በያሁና በሌሎች ባለቤቶች እጅ ካለፈ በኋላ በ2017 ፒንቦርድ የተባለ ተመሳሳይ አገልግሎት ገዝቶት አዲስ ዕልባት መቀበል አቆመ፤ ለተመራማሪዎች የተሠራው ሳይትዩላይክም በ2019 ተዘጋ። ዞቴሮ ግን መረጃውን በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይም ስለሚያስቀምጥ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራችን አልቆመም፤ መስመሩ ሲመለስ የተጨመረው ሁሉ ለቡድኑ ይደርሳል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን፣ ብዙም ያስተማረን መለያ ቃሉ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ሥነ ቃል»፣ «ስነ ቃል» እና «ስነቃል» የሚሉ ሦስት መለያዎች ጎን ለጎን ተደረደሩ። ለጆሮ አንድ የሆነው ቃል ለኮምፒውተሩ ሦስት ስለሆነ፣ አንዱን የመረጠ ተማሪ በሌሎቹ ሥር ያሉትን ጽሑፎች አያገኝም ነበር። «ተረት» እና «ተረቶች»ም እንዲሁ ተለያይተው ቆዩ። መፍትሔው በሶፍትዌሩ ውስጥ አለ፦ የአንዱን መለያ ስም ወደ ሌላው ሲለውጡት ሁለቱ ይዋሐዳሉ። የትኛው አጻጻፍ ይጽና የሚለውን ግን ተማሪዎቹ ራሳቸው መወሰን ነበረባቸው፤ በዚያም ክርክር ስለ «ሠ» እና «ሰ» ከማንኛውም ገለጻዬ የበለጠ ሲማሩ አየሁ። አንድን ጽሑፍ «ፉከራ» ወይስ «ቀረርቶ» እንበለው ብለው ሲከራከሩም፣ ጽሑፉን እንደገና ከማንበብ በቀር ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ለእኔ የዚህ መሣሪያ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

ከውጭ አገር ካታሎጎች የሚመጡ የእንግሊዝኛ መለያዎች ዝርዝራችንን አጨናንቀውት ስለነበር፣ በራሱ መለያ የሚጨምረውን አማራጭ በየኮምፒውተሩ ማጥፋት ግድ ሆኖብናል። እስከ 9 ለሚደርሱ መለያዎች ቀለም መስጠት መቻሉ ጠቃሚ ነው፤ «ያልተነበበ» የሚለውን ቀይ አደረግነው።

የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር አለማወቁ ግን ከባድ ጉድለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደ 1967 ተቆጥሮ በቅደም ተከተሉ ያለቦታው ይገባል። የደራሲን ስምና የአባት ስም በሁለት ሣጥን መክፈሉም ለእኛ አይስማማም፤ ደግነቱ ወደ አንድ ሣጥን መመለስ ይቻላል። ነጻው የፋይል ማከማቻ 300 ሜጋባይት ብቻ ሲሆን፣ የቡድኑ ፋይሎችም የሚቆጠሩት በቡድኑ ባለቤት ድርሻ ላይ ስለሆነ፣ ፎቶ የተነሡ ገጾችን ትተን ሊንኮችንና ማስታወሻዎችን ብቻ አኑረናል።

የስልክ መተግበሪያ ቢኖረውም ምቹ ሆኖ ያገኘሁት በኮምፒውተር ላይ ነው፤ ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ደግሞ ያላቸው ስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ በኮምፒውተር ክፍል እንድናሳልፍ አድርጌ፣ በየስልካቸው ያገኟቸውን ሊንኮች ይዘው መጥተው መለያውን እዚያው በጋራ ይሰጣሉ።